የሰገነቱ ቤት የመጨረሻ ተከራይ

ታኅሣሥ 2፣ ማክሰኞ። ጠዋት

ዛሬም አቧራ። ፀጉሬ ውስጥ፣ ሻዬ ውስጥ፣ አሁን ደግሞ ያንተ፣ የማስታወሻ ደብተሬ፣ ገጽ ላይ። የሰገነቱን ቆርቆሮ እያወረዱ ነው። ት/ቤት ላስተምር ከመግባቴ በፊት አየት ላድርገው ብዬ ሄድኩ፤ ቆሜ ቀረሁ፤ አረፈድኩ።

እንዲህ ተገፎ ሲታይ ቤቱ ሌላ ነው። ድሮ አንድ የቡና ነጋዴ ያሠራው ፎቅ። ለዲላ ሰው «የሰገነቱ ቤት»። በኋላ ቀበሌ ወረሰው፣ ምድር ቤቱን ክፍል ክፍል አድርጎ አከራየው። እኔና እናቴ አንዷ ክፍል ውስጥ ኖርን፤ በኋላ አሁን ወዳለሁበት ቤት ወጣን። ላይኛው አዳራሽ የወጣቶች ቲያትር ክበብ ነበር። አሁን ከተማው የባህል ማዕከል ይሁን ብሎ ፈቅዷል። እኔ የኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ። ጭቃው በጭቃ ይጠገን፣ ሲሚንቶ አይነካው ብዬ ስንት ስብሰባ ተከራከርኩ። ተሳካ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ተከራዮቹ ሁሉ ወጥተዋል። እትዬ አለሚቱ ብቻ ቀርታለች።

ታኅሣሥ 5፣ ዓርብ

እትዬ አለሚቱ ዘንድ ሄድኩ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ቤት ገብቼ የምቀመጥበት ሌላ ቤት የለኝም። ጎረቤታችን ነበረች፤ ግድግዳው ቀጭን ስለሆነ ጸሎቷን እየሰማሁ ነው ያደግኩት። የቡሌ ወረዳ ልጅ፣ ጌዴኦ። አማርኛዋ እንደ ድሮው ነው፤ ሴቷን እኔን «አንተ»፣ ወንድ ልጇን «እሷ»።

ቀበሌ የሰጣትን አዲሱን ክፍል አሞገስኩላት። ቧንቧው ግቢ ውስጥ፣ ወለሉ ሊሾ። አዳመጠችኝ። ቆጮ አቀረበች። ከዚያ፦

«ምትኩ ስትመጣ ይሄን በር ነው የምታውቀው። ሌላ በር አታውቅም።»

ምትኩ ልጇ ነው። ደቡብ አፍሪካ ከሄደ የእኔ ተማሪዎች ዕድሜ አልፏል። ከደወለም ዓመታት ሆኑ። ተነሥቼ ወጣሁ። በሩን ስዘጋ በእጄ ዳሰስኩት፤ ለምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።

ታኅሣሥ 7፣ እሑድ

ከቤ/ክ መልስ ብቻዬን አዳራሹ ላይ። ሠራተኛ የለም። ጣውላው ያው ይንቋቋል።

እዚህ ነበር ምትኩ ሽማግሌ ሆኖ የሚጫወተው። ጺሙ ጥጥ። እኔ ሴት ልጁ ሆኜ። እጄን ይዞ መርቆ ሊድረኝ ሲል ጥጡ ይወድቃል፣ ሁለታችንም በሳቅ እንፈርሳለን፣ አዘጋጁ ይቆጣል። አንድ ቀን ጥጡ አልወደቀም። እጄንም አልለቀቀም።

የሄደ ዕለት ወደ ሞያሌ የሚወርድ አይሱዙ ላይ ነበር። ከሰገነቱ ላይ አየሁት። እደውልልሻለሁ፣ አስመጣሻለሁ ብሎኝ ነበር። ደወለም። ቴሌ እየሄድኩ ወረፋ ይዤ አወራሁት። ከዚያ ጥሪው ራቀ። ከዚያ የለም። ማንም ምንም አላጠፋም፤ ዝም ብሎ ቀረ። ላግባሽ ብሎ የጠየቀኝ ሌላ ሰው ነበር፤ አይሆንም አልኩ። ምን እየጠበቅኩ እንደሆነ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በቃ። ጸሐይዋ ጣውላው ላይ እንዴት ታምራለች።

ታኅሣሥ 9፣ ማክሰኞ

መጥፎ ቀን። አዳራሹን የተሸከመውን ትልቁን ግንድ ምስጥ በልቶታል። ኢንጂ. ቴዎድሮስ (ከዩኒቨርሲቲው፣ ሥራውን በነፃ የሚመራልን ልጅ) በመዶሻ ሲነካው እንደ ደረቅ ዳቦ ፈረፈረ። ግንዱ ያለው በትክክል ከእትዬ አለሚቱ አልጋ በላይ ነው። በምሰሶ ደግፈውታል። ግን ይህን ሳምንት ካልወጣች አንድ ቀን ይወድቅባታል አለኝ።

ከቀበሌ ጽ/ቤት የመጣው ሰውዬ በፖሊስ ትውጣ አለ። በፖሊስ! ይህችን ሴትዮ! ድምፄ እንዲያ እንደሚጮህ አላውቅም ነበር። ለእኔ ተዉልኝ አልኩ። ቃል ገባሁ። እንዴት እንደምፈጽመው አላውቅም።

ታኅሣሥ 11፣ ሐሙስ

ፈቃድ ወስጄ ኮንጋ ሄድኩ። የምትኩ አክስት ልጅ እዚያ አለ። ከይርጋጨፌ በሞተር፣ ጀርባዬ ተሰበረ። የቡና ወቅት ነው፤ ሰው ሁሉ ለቀማ ላይ፣ ማድረቂያው አልጋ ላይ ሁሉ ቡና ተሰጥቷል። ልጁን ከቡና ማጠቢያው ጣቢያ አስጠርቼ አገኘሁት። የምትኩን ስልክ ቁጥር ይዞት ኖሯል። ምትኩ ለማንም አትስጥ ብሎት ነበር። ለእናቱ ነው አልኩት። ሰጠኝ።

እዚያው መንገድ ዳር፣ እንሰት ጥላ ሥር ደወልኩ። ቤት ብደርስ እንደማልደውል አውቃለሁ።

አንዲት ትንሽ ልጅ አነሣች። የማላውቀው ቋንቋ። ከዚያ እሱ።

«ሙሉ? የዲላዋ ሙሉ?»

ድምፁ ወፍሯል። ልቤ ምን እንደሆነ አልጽፍም። ሱቁን ዘርፈውት አቃጥለውበታል፣ ወረቀት የለውም፣ ከወጣ መመለስ አይችልም። ሚስት አለው፣ ልጆች አሉት። ባዶ እጄን ምን ብዬ ልደውልላት፤ ዓመት በዓመት ላይ ተደራረበ፣ አፈርኩ አለኝ። እናትህ ጣሪያ ሊወድቅባት ነው፣ አንተን ስትጠብቅ አልኩት። ቅዳሜ አገናኚኝ አለ።

ከሞተሩ እስክወርድ አለቀስኩ። ነጂው አቧራው ነው ብሎ መሐረቡን ሰጠኝ።

ታኅሣሥ 13፣ ቅዳሜ። ከሰዓት

ሆነ።

ስልኩን ስሰጣት ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። አዙሬ ስክሪኑ ላይ ፊቱን አሳየኋት። ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ በአማርኛ፣ በሹክሹክታ፦ «አርጅታለች።»

ከዚያ በኋላ በጌዴኦኛ ነው ያወሩት። አብዛኛውን እሰማለሁ። ውጪ ከዚያ ቤት እያለ ለመናት። ስትመጣ የት ታገኘኛለህ አለችው። ደግማ ጠየቀችው። እማ፣ አልመጣም አለ። መምጣት አልችልም። ዓመታት ሙሉ ማንም ያላላትን ቃል እሱው ራሱ ተናገረው። አልጮኸችም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ ልጆቹን አምጣልኝ አለች። ትንሿ መጣች። ቆጮ ትበላለች ወይ ብላ ጠየቀችው። ምትኩ ሳቀ። ያው ሳቁ ነው። ምነው ባይሆን።

በመጨረሻ አዳራሹን አሳዪኝ አለኝ። ስልኩን ይዤ ደረጃውን ወጣሁ። መድረኩን፣ መስኮቱን፣ ሰገነቱን አሳየሁት።

«እንዲህ ትንሽ ነበር እንዴ? እኔ ትልቅ ነው የሚመስለኝ።»

ኔትወርኩ ተቋረጠ። እንዴት ነሽ አላለኝም። ምን ሆንሽ፣ አገባሽ፣ ወለድሽ፣ ምንም። የጠፋውን ስክሪን ይዤ ቆሜ ነበር።

ታኅሣሥ 15፣ ሰኞ

እትዬ አለሚቱ ወጣች። ጠዋት ራሷ ጠርታኝ፣ ዕቃዋን ቋጥራ አገኘኋት። ወዴት ስላት አዲሱ ክፍል አለች። እዚያ የምታውቀው ሰው የለም።

ሳላስበው፣ እኔ ጋ አልኳት። የእናቴ ክፍል ባዶውን ነው።

አየችኝ። «አንተ ታንኮራፋለህ?» አላንኮራፋም አልኩ። ውሸት ነው መሰለኝ።

አናጺዎቹ አልጋዋን ተሸክመው አደረሱልን። ቴዎድሮስ ድስት ይዞ ከኋላ። ከጓሮ እንሰቷን ካልነቀልኩ ብላ ነበር፤ ለማዕከሉ ግቢ ይቁም ብሎ አግባባት። ያለ እሷ ፈቃድ ማንም እንዳይቆርጠው ሁላችንንም አስማለችን።

ታኅሣሥ 20፣ ቅዳሜ። ከሰዓት

አዲሱ ግንድ ዛሬ ወጣ። ሰፈሩ ሁሉ ገመድ ጎተተ። ቦታው ሲገባ እልልታ።

አዳራሹ ለደራሮ እንዲከፈት ተወስኗል፤ የጌዴኦ ዘመን መለወጫ፣ የምስጋና በዓል። ሽማግሌዎቹ ቤት ድረስ መጥተው መክፈቻውን ምስጋና እትዬ አለሚቱ እንድታዜም ለመኗት። እሺ አለች፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፤ ተቀባይዋ እኔ ልሁን። የእኔ ጌዴኦኛ እኮ የገበያ ነው አልኩ። «ትማራለህ» አለች፤ አለቀ። ከምሳ ጀምሮ እየተለማመድን ነው። ስሳሳት ጉልበቴን በጥፊ።

አሁን ስልኩ ጮኸ። ምትኩ ነው። ማክሰኞም ደውሎ ነበር፣ ሐሙስም። ለእሷ። እዚሁ አጠገቤ ያወራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ።

ዞር ብላ፣ ሙሉ እንዴት ነች ይላል አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ጠበቅኩት። አሁን መጣ፣ በሌላ ሰው አፍ። ስልኩን ዘረጋችልኝ። እጄ ሊሄድ ነበር፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ሊሄድ ነበር።

ደኅና ነች በይው አልኳት። ልምምድ ላይ ነች በይው።

አለችው።

ናፍቆቱ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽህም። እዚሁ ነው፣ ደረቴ ላይ። ይኑር። ስልኩን ዘግታ ጉሮሮዋን እየጠረገች ነው፤ ደብተርህን ዝጋና ዜማውን ተቀበል እያለችኝ