የሰብለ ወንጌል ክትባት

ቢቸና፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወንድሜ ጋሼ በላቸው፣
ሞጣ ድረስ የላክሁት ሰላምታዬ ከነቤተሰብዎ በጤና ያግኝዎ። እኛ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነን።

ባለፈው ሳምንት የኩፍኝ ክትባት መጥቶ ነበር። ሴቶቹ «ሴት ልጅን የሚያመክን ነገር አለበት» ብለው ሸሹ። ከነቀምት የተመደበችው ነርስ ፅጌረዳ ግን አልተቆጣችም።

«ያለበት ራሱ ኩፍኙ ነው፤ አዳክመውታል» ብላ የራሷን ልጅ ፊታችን ከተበች። እኔም ልጄን ሰብለ ወንጌልን አስከተብሁ፤ ሌሎቹም ተከተሉኝ።

ነርሷ «ትንሽ ያተኩሳታል» ብላኛለች። ልጄ ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ ታበዛለች። ጎረቤቶቼ ሲጠይቁኝ «ደህና ናት» እላለሁ። ዛሬ ገበያ ስላልወጣሁ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ይህን ጻፍሁ።

ይኸው ነቃች። ጡት ጠግባ እስክሪብቶዬን ቀማችኝ። ከታች የተሞነጫጨረው የእሷ ሰላምታ ነው።

አክባሪ እህትዎ ፈንታነሽ