ስከሳ ብርጭቆዬን ለዩት

አሶሳ፣ አርብ ጥቅምት 9 ቀን 1988 ዓ.ም.

እሰይ! የሰማያዊው ቀሚሴ ዚፕ ዛሬ ተዘጋልኝ። አዲሱ የክልል ቢሮ ስቀጠር የለበስኩት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ወገቤ ላይ ሲደርስ እምቢ ይል ነበር። ሚዛን ምን ይሠራልኛል? በእግሬ መመላለሴና ዘይት መቀነሴ ይኸው ታየ።

ቢሮ ስገባ ግን የመዝገብ ቤቷ አልማዝ ክንዴን እንደ ገበያ በግ ዳበሰችና፣ «ውይ እህቴ፣ አለቅሽ እኮ! በሽታ ደብቀሽን ነው?» አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ቀፈፈችኝ። ሻይ ሰዓት ላይ ደግሞ የኔን ብርጭቆ ከሌሎቹ ለይታ ለብቻው አስቀምጣው አገኘሁ። በአንድ ሳህን ስንበላ ከርመን! ዝም አላልኩም። በዚያው ብርጭቆ ሻይ ቀድቼ፣ «እንኪ አልሚ፣ ጠጪ» አልኳት።

«ዛሬ አርብ አይደል? ጾም ነኝ» አለችኝ፣ ዳቦዋን እያላመጠች።