የገመቹ ጋቢ

እሁድ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ አምቦ

ጋቢው ተመልሶ መጣ።

ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ካለው ጆንያ ውስጥ ከከተትኩት ዛሬ ሁለት ሳምንቱ ነው። ገና ሲቃረብ ሁላችንም ለችግረኛ የሚሆን ልብስ እዚያ እንከታለን፤ ማን ምን እንደሰጠ አይጠየቅም። ልጄ ገመቹ ከሞተ አምስት ወሩ ነው። በዚህ ብርድ ጋቢውን ሣጥን ውስጥ ቆልፎ መቀመጥ ኃጢአት መሰለኝና ሰጠሁት። ሳይታጠብ መስጠት ነውር መሆኑ ጠፍቶኝ አልነበረም፤ ላጥበው ብል እጄ እንቢ አለኝ። ጠረኑ ነበረበታ።

ዛሬ ከአምልኮ በኋላ ሽማግሌው ኦቦ ቶላሳና የሴቶች ኅብረት መሪዋ አዴ ጫልቱ ቤቴ መጡ። አዴ ጫልቱ ከፌስታል አውጥታ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ።

«ዘንድሮ ሐዘን የገባው አንቺ ቤት ነው። ከመጣው ሁሉ ጥሩውን ላንቺ አስቀረን» አለችኝ።

ጫፉን ሳየው አወቅሁት። የቋጨሁት እኔ ነኝ፤ ጥጉ ላይ ገመቹ በካውያ ያቃጠላት ቦታም አለች። ምን ልበል? የልጄ ነው ብላቸው በኀፍረት ይሞታሉ። «ገለቶማ፣ እግዚአብሔር ይባርካችሁ» አልኩ። ኦቦ ቶላሳ ጸለዩ፤ አሜን አልኩ። እስከ በር ሸኘኋቸው።

አንዱ ብርድ የሚመታው ሰው ይህን ጋቢ ሳያገኝ ቀረ። ግን ደግሜ ለመስጠት አቅሙ የለኝም። በሩን ዘግቼ ፊቴን ጋቢው ውስጥ ቀበርኩ።

አጥበውታል። ሳሙና ሳሙና ይላል።