ስድሳ ሁለት ላይ የቆመው ቁጥር

…እና በርሜሉን በጣትሽ አንጓ ኳ ኳ አድርገሽ፣ ጆሮሽን ለጥፈሽ፣ «እዚህ ድረስ ነው» ብለሽ በከሰል ያሰመርሽበት ቀን፤ እኔ አላመንኩሽም፤ በርጩማ ላይ ወጥቼ ክዳኑን ከፍቼ እጄን ስሰድ ውሃው ልክ መስመርሽ ጋ፤ እማዬ ከኋላችን ቆማ ስትስቅ፣ ሳቋ… እሱን አልጨርሰውም። ሳቋ ላይ ስደርስ እጄ ይቆማል።

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ ተሻለሽ፣ ወይስ እሱንም «ደህና ነኝ» በሚለው ጆንያ ውስጥ ከተሽ አፉን ሰፍተሽዋል? ባልሽ እንዴት ነው? ልጆቹስ? እማዬስ? ይኸው ጠየቅኩ። አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ በየእሁዱ በስልክ የጠየቅኩትን ዛሬ በወረቀት ጠየቅኩ። እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ደህና አይደለሁም። ቆሽቴ አርሯል። ይህን ደብዳቤ ለማንም ጮክ ብለሽ እንዳታነቢ፤ መጀመሪያ ለብቻሽ ሆነሽ ጨርሺው።

ትናንት የጎረቤታችን ልብስ ሰፊ ደወለልኝ። ለስፌት መኪናው መለዋወጫ እንድፈልግለት ነው። በመሐል፣ እንደ ዋዛ፣ «ለእናትሽ እግዜር ምሕረቱን ያውርድላት፣ አንደበቷን ይመልስላት» አለኝ። የምን አንደበት? አልኩት። ጉሮሮውን ጠራረገና የመርፌውን ቁጥር ሊነግረኝ ሞከረ፤ ያ ደግ ሰው! ጨቅጭቄ አወጣሁት። እማዬ ልብስ ማጠቢያው ጋ ከወደቀች አሥራ አንድ ሳምንት። ቀኝ ጎኗ አይታዘዝም። አፏ ተይዟል። አንቺስ ምን ስትይኝ ከረምሽ? «ተኝታለች።» «ጎረቤት ሄዳለች።» «አሁን ገና ወጣች፣ ለጥቂት አመለጠችሽ።» ለጥቂት! እኔም ሳቅኩልሽ እኮ። «መቼም እግሯ አያርፍም፣ ሰላም በይልኝ» አልኩሽ።

በማን እንደተናደድኩ ለራሴም አልጠራልኝም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዳይሆንብኝ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። የሥራዬን ነገር ነው፤ ታገሺኝ፣ እንደሚመስልሽ አሰልቺ አይደለም።

ታውቂያለሽ፣ የምሠራው ውሃ ክፍል ነው። ውሃው ከሸለቆው በፓምፕ ተገፍቶ ኮረብታው ላይ ያለ ትልቅ የብረት ታንከር ይገባል፤ ከዚያ ወደ ከተማው ይወርዳል። ዘንድሮ በሦስቱ ቦታ፣ በታንከሩ፣ በፓምፑና እኔ በምቀመጥበት ክፍል፣ ራዲዮ ሞደም ግጠሚ ተባልኩ። የግማሽ ጡብ ያህል የብረት ሣጥን ናት። የታንከሩን ልክ በሞገድ ትልክልኛለች፤ የእኔ ኮምፒውተር ደግሞ ቁጥሩን አይቶ አርባ ሲደርስ ፓምፑን ያስነሳል፣ ዘጠና አምስት ሲደርስ ያቆማል። መቶ ማለት አፍ ድረስ ነው። ሣጥኖቹ አንድ ዓይነት ሞገድና አንድ ዓይነት ፍጥነት ካልተሰጣቸው ጎን ለጎን ብታስቀምጫቸውም አይተዋወቁም፤ እንደተኳረፉ ወንድማማቾች። አንቴናው የዓሣ አጥንት ይመስላል። አፍንጫውን ወዳንቺ ካላዞርሽው አይሰማሽም፤ በጣት ስፋት ሲዘነበል ድምፁ ይሳሳል። ሦስት ሳምንት መሰላል ላይ ዋልኩ። ሠራተኞቹ ከታች ሆነው «አንቴና አንቴና ልትሰቅል ወጣች» ይሉኛል፤ በቁመቴ ነው። ስቄያለሁ። ያኔ ገና እስቅ ነበር።

ታንከሩን የሚጠብቁ ሽማግሌ አሉ። ሁሉም አባ ኮሽታ ይሏቸዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ታንከሩን በዱላ እየመቱ፣ በድምፁ ልኩን እያወቁ፣ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ሲጽፉ ኖረዋል። መጀመሪያ ሲያሳዩኝ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ በርሜላችን ትዝ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። የሚኖሩት ከነሚስታቸው ታንከሩ ሥር ባለች አንድ ክፍል ነው፤ ክፍሏ ከሥራው ጋር የተሰጠች ናት። ድሮ ሲሞላ ሸለቆ ላለው የፓምፕ ሠራተኛ ደውለው «ዝጋ» ይሉት ነበር። ሞደሙ ሲገባ ያንን ሠራተኛ ወደ ሌላ ቦታ አዛወሩት፤ ክፍሉ ተቆለፈ። ፓምፑን ማቆም የሚችል አንድ ቦታ ብቻ ቀረ፤ የእኔ ጠረጴዛ።

አሁን ነጥቡ ጋ ደረስኩ። ሞደሙን ስትገጥሚ ከምትመልሻቸው ጥያቄዎች አንዷ እንዲህ ናት፤ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ምን ይደረግ? ሁለት መልስ አላት። አንዱ፣ ቀይ አብራ፣ ፓምፑን አቁም። ሌላው፣ የመጨረሻውን ቁጥር ይዘህ ቆይ፣ ምንም እንዳልሆነ ቀጥል። እኔ የመጀመሪያውን ሰጥቼ ነበር። ነገር ግን ነፋስ በመጣ ቁጥር ለደቂቃዎች ይቋረጣል፣ ፓምፑ ይቆማል፣ ቧንቧ ይደርቃል፣ የኢንጂነሩ ስልክ ይጮሃል። ባለፈው ሰኞ ደግሞ ለሞደሙ ምረቃ እንግዶች ሊመጡ ነበር። ኢንጂነሩ ቅዳሜ ከኋላዬ ቆሞ «እንግዳ ፊት ቀይ ነገር ማየት አልፈልግም። ቁጥሩ ከስክሪኑ እንዳይጠፋ አድርጊ» አለኝ። አደገኛ ነው አልኩት። «ሁለት ቀን ነው እባክሽ፣ ማክሰኞ ትመልሽዋለሽ፤ ሁለት ቀን ሰማይ አይወድቅም» አለ። ቀየርኩት። በዚህ ጣቴ።

እሁድ ጠዋት ቀለም ቀቢዎች ታንከሩን እንዲያሳምሩ ላከ። አንቴናው መንገድ ዘጋባቸው፤ ፈቱት፣ ቀቡ፣ መልሰው አሰሩት። ሲያስሩት ግን፣ እትዬ፣ ጠማማ መስሏቸው አቀኑት። እንግዶቹ በሚመጡበት መንገድ ትይዩ፣ ቀጥ አድርገው። በቅንነት። ሞደሙ ያኔ ዝም አለ። የእኔ ስክሪን ላይ ስድሳ ሁለት ይል ነበር፤ ስድሳ ሁለት እንዳለ ቀረ። ፓምፑ ይገፋል፣ ቁጥሩ አይነቃነቅም። ቁጥሩ አረንጓዴ ነበር። እኔ ፊቱ ተቀምጬ አንድ ኩባያ ሻይ ጠጣሁ።

ስድስት ሰዓት ከአሥር ላይ አባ ኮሽታ በሞባይሌ ደወሉ። በቢሮው ስልክ አይደለም፤ በእኔው። «ልጄ፣ የታንከሩ ድምፅ ተለውጧል። ሞልቷል መሰለኝ» አሉ። ስክሪኑን አየሁ። ስድሳ ሁለት ነው አባባ፣ አይጨነቁ አልኳቸው። «እኔ እኮ የምሰማው ብረቱን ነው» አሉ። አንቺ ብትሆኚ ምን ትያቸው ነበር? እኔ ብልጥ መሆን አማረኝ። ብረቱ አዲስ ቀለም ስለተቀባ ነው ድምፁ የተለወጠው አልኳቸው። ሳቅሁም። «እንግዲህ አንቺ ካልሽ» ብለው ዘጉት።

እንግዲህ አንቺ ካልሽ። ከእሁድ ጀምሮ ጥርሴን ስቦርሽ እንኳ ይሰማኛል።

ከዚያ ምሳ ወጣሁ፤ ስልኬን ጠረጴዛ ላይ ረስቼ። ስመለስ አራት ጊዜ ደውለዋል። ውሃው በታንከሩ አፍ ፈሶ፣ የኮረብታውን መደገፊያ የድንጋይ ግንብ ከሥሩ ሸርሽሮ ጥሎታል። ግንቡ ከኮረብታው ሥር የአናጢው ሱቅ ላይ ወደቀ። ሰው አልሞተም። የአናጢው ሚስት እግሯ ተሰብሯል። አናጢው ጭቃ ውስጥ ቆሞ አንድ ያላለቀ የወንበር እግር ይዞ ነበር፤ እኔ ስደርስ የወንበሩን እግር ዘረጋልኝ፤ ልይዝለት የመጣሁ መሰለው። ያዝኩለት።

ምረቃው ተሰረዘ። ሰኞ የሞደሙን ቅንብር ወደ ነበረበት መለስኩት። ማክሰኞ አጣሪዎች ተቀምጠው አባ ኮሽታን ጠሩ። «አንቴናውን ማን ነካው? ሲሞላ ለማን አሳወቁ?» ተባሉ። እኔ ከጠረጴዛው ወዲህ ነበርኩ። ሽማግሌው አዩኝ። አየሽ፣ ረጅም አልነበረም፤ አዩኝና ባርኔጣቸውን አዩ። «አላስታውስም» አሉ። ሃያ ሁለት ዓመት የውሃ ልክ በጆሮ የያዘ ሰው አላስታውስም አለ! በኮሪደር ተከትዬ ለምን አባባ? ስላቸው «አንቺ ገና ብዙ መንገድ አለሽ ልጄ፤ እኔማ ምን ቀረኝ» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። ማን ጠየቃቸው? ማን ጠየቃችሁ እትዬ? እኔን ከእውነት የምታስጥሉኝ ሰዎች በሙሉ፣ እኔ እንዳልጎዳ ዝም የምትሉ፣ በዝምታችሁ ተሸክማችሁ የምታስተኙኝ፣ ስነቃ የት እንደምነቃ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እማዬ መሬት ላይ ወድቃ እኔ ስለ እግሯ አለማረፍ ቀልጃለሁ። ይህን ቀልድ አሁን የት ላድርሰው?

ትናንት፣ ከልብስ ሰፊው ስልክ አንድ ሰዓት በኋላ፣ ኢንጂነሩ የተተየበ ሪፖርት አመጣልኝ። ጥበቃው አንቴናውን አንቀሳቅሷል፣ ታንከሩ ሲሞላ ለማንም አላሳወቀም፣ ይሰናበት ይላል። ከታች የእኔ ስም አለ፤ በዕለቱ ተረኛ፣ ምንም ጥሪ አልደረሰኝም ብዬ እንድፈርም። ስለ ቀለም ቀቢዎቹ አንድ ቃል የለም፤ የላካቸው ማን ሆነና። ስለ ቅንብሩም የለም። «አንቺ ወጣት ነሽ። ሰውዬው እንደሆነ አንድ እግሩ ጡረታ ውስጥ ነው። ፈርሚና ዕረፊ፤ እስከ ነገ ዘጠኝ ሰዓት» አለኝ። ከተሰናበቱ ክፍሏንም ይለቃሉ። ሁለት ሽማግሌዎች ከነዕቃቸው። ስድስት ሰዓት ከአሥር ላይ መደወላቸውን የምናውቀው እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። አሁን አንቺም አወቅሽ።

አደራሽን፣ ይህን ስጽፍ የአንቺን ሸክም ረስቼ አይምሰልሽ። የምታገላብጫት አንቺ ነሽ። የምታጎርሻት፣ የምታጥቢያት፣ ሌሊት የምትነቂላት አንቺ ነሽ፤ እኔ ሩቅ ተቀምጬ የምናደድ ነኝ። አውቃለሁ። ቢሆንም ተናድጃለሁ፤ አውቆም መናደድ ይቻላል። ምናልባት በአንቺ ቦታ ብሆን እኔም «ተኝታለች» እል ነበር። እንዲያውም ብያለሁ። «አይጨነቁ አባባ፣ ስድሳ ሁለት ነው።»

የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። እሁድ ስደውል ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጊው። አትናገርም አትበይኝ። ትንፋሿን ልስማ። የግራ እጇ ይሠራል ብሎኛል ልብስ ሰፊው። እንግዲያው በጣቷ አንጓ የአልጋውን እንጨት ታንኳኳልኝ፤ አንድ ጊዜ እሺ፣ ሁለት ጊዜ እምቢ። ቢከፋት ደግሞ ደጋግማ ትምታው። እኔ ልኩን እሰማለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ከእናንተ ድምፅ ሲጠፋ ደህና ናቸው አልልም፤ ቀይ አበራለሁ፣ ሁሉን አቁሜ እመጣለሁ። ይህንን እንደ ዛቻ ውሰጂው።

ጠረጴዛዬ ላይ ከዚህ ደብዳቤ ጎን ሌላ ወረቀት አለ። በእጄ የጻፍኩት ነው፤ አምስት መስመር። ስንት ሰዓት እንደደወሉ፣ ምን ብዬ እንደመለስኩላቸው፣ ቅንብሩን ማን አስቀየረኝ፣ ማን ቀየረው፣ ቀለም ቀቢዎቹን ማን ላካቸው። «ማን ቀየረው» የሚለው ጋ የራሴን ስም ስጽፍ ብዕሩ ቀለም ያለቀበት መሰለኝ። አላለቀበትም። ፈርሜበታለሁ። ግን እስካሁን ከጠረጴዛው አላነሳሁትም። አሥር ጊዜ አንብቤዋለሁ።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ እሱም አውቆ ነው ዝም ያለው፣ ስለዚህ ሰላምታው ጎደሎ መሆኑን ንገሪው። ለትልቋ ልጅሽ ረጅም ሰላምታ፤ ባለፈው ስልኩን አንስታ «አያቴ…» ብላ የቆመችው ለምን እንደሆነ አሁን ገብቶኛል፣ አትቆጫት። እርሳስ የሚበላውን ትንሹን ጉንጩን ንከሺልኝ። ልብስ ሰፊውን እንዳትኮንኚው፣ መርፌውን አገኛለሁ። እማዬን ግን ሰላም አትበይልኝ። እሱን እኔ ራሴ እላለሁ። አንቺን፣ እትዬ፣ ተናድጄም እወድሻለሁ፤ ወገብሽን ታዪው።

ታናሽሽ
ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ
ዓርብ፣ መጋቢት ስድስት፣ ስምንት ሰዓት ተኩል

ፖስታውን ሳላሽግ ኢንጂነሩ ገባ። «ፈረምሽ?» አለኝ። ይህን እየጻፍኩልሽ ነው፤ ቀና አላልኩም። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት አለ፤ የእሱ ያልተፈረመ፣ የእኔ የተፈረመ። የእኔን አነሳ። ቆሞ አነበበው፤ አንዴ፣ ከዚያ እንደገና ከላይ ጀምሮ። በበሩ ክፍተት የአባ ኮሽታ ባርኔጣ ይታየኛል፤ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሐል አድርገው። ወረቀቱን አልመለሰልኝም። የራሱን ጠረጴዛው ላይ ትቶ፣ የእኔን ይዞ ወጣ። ሽማግሌው ከወንበሩ ሲነሱ ሰማሁ። በሩ ተዘጋ።