ኒው ኦርሊንስ ያልተቀበረችው እናት

ማስኮጊ፣ ሴፕቴምበር 1938

ለወንድሜ፣

እንዴት ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? እንቅልፍህስ? ለወጉ ያህል የጠየቅኩህ እንዳይመስልህ፤ በተለይ እንቅልፍህን ማወቅ እፈልጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ቤቱም እንደተውከው ነው። እማዬ «ሰላም በይልኝ» አላለችኝም፤ እንደምጽፍልህ አታውቅም። ብታውቅ ብዕሩን ከእጄ ትነጥቀኝ ነበር።

ከመጽሔቱ ልጀምር። ጁን ላይ ጎረቤታችን ሚስ ኦዴሳ «ልጅሽ ወጣ! ፎቶው ወጣ!» እያለች መጽሔት እያውለበለበች ገባች። እማዬ የአንዲት ደንበኛዋን ፀጉር እየተኮሰች ስለነበር ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ኒው ኦርሊንስ እንደተወለድክ፣ እናትህ አንተን ስትወልድ እንደሞተች፣ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ከወደብ ዳር አንስቶ እንዳሳደገህ፣ ፒያኖ የሚመታውን ያንን ዝነኛ ግራ እጅህንም እሱ እንዳስተማረህ! መጨረሻው እስክደርስ ድረስ ምን እያነበብኩ እንደሆነ አልገባኝም። ደንበኛዋ «ውይ፣ ሌላ ሰው ነው እንዴ?» አለች። ካውያው እማዬ እጅ ላይ ቀዘቀዘ። ከዚያ «ለሥራው ብሎ ነው። እዚያ ያሉ ሰዎች እንዲህ ያለ ወሬ ይወዳሉ» አለችና ካውያውን ወደ ምድጃው መለሰችው።

አየህ፣ ያን ቀን እንኳ ጠበቃህ እሷ ነበረች።

ዓይነ ስውር ሽማግሌ! እማዬ በሰፈራችን ሲኒማ ቤት ድምፅ አልባ ፊልሞችን በፒያኖ ታጅብ እንደነበር ረሳኸው? አንተን የሚይዝላት ሰው አልነበረም። እኔ ስይዝህ ፊልሙን የሚያስረሳ ጩኸት ታቀልጠው ነበር። ስለዚህ በቀኝ ክንዷ አቅፋህ በግራ እጇ ብቻ ትጫወት ነበር። ፈረሱ ሲጋልብ፣ ባቡሩ ሲመጣ፣ ሴትዮዋ ደረቷን ስትደቃ፣ ሁሉም በዚያች በአንድ ግራ እጅ ነበር። ከፊት ወንበር ተቀምጬ በዓይኔ አይቻለሁ። ዛሬ ጋዜጦቹ «እንደ ጎርፍ ይንከባለላል» የሚሉልህ ግራ እጅ የተገኘው ከዚያ ነው። አንተን ላለማስለቀስ ሲባል የተፈጠረ ነው።

ሥራህን አላጣጥልም። በአሥራ ሰባት ዓመትህ ከድንኳን ትርኢተኞች ጋር ስትሄድ አልቅሼ ሸኝቼሃለሁ። አለቃችሁ ዊቺታ ላይ በትኗችሁ ሲጠፋ፣ «እኔ እመራችኋለሁ» ያልከው አንተ ነህ፤ ከሁሉም ታናሽ ሆነህ። ሁሉንም ሰብስበህ ግን የት አመጣሃቸው? እዚህ ሳሎን! አንድ ክረምት ሙሉ እዚህ ተለማመዳችሁ። ጓደኛህ ክሌይበርን ትሮምቦን የሚሉትን ረጅም ጡሩምባውን አቅፎ ወጥ ቤታችን ወለል ላይ ይተኛ ነበር። የመጀመሪያ ኮታችሁን ከመጋረጃ ጨርቅ የሰፋችላችሁ እማዬ ናት፤ ካንሳስ ሲቲ ገብታችሁ ስም ያወጣችሁትም በዚያ ኮት ነው። በኋላ ሬዲዮ መጣ፣ ኒው ዮርክ መጣ፣ ሸክላ መጣ። ስምህ በሬዲዮ ሲጠራ እማዬ የጎረቤቱን መስኮት ሁሉ ታንኳኳ ነበር።

እንግዲህ ኦገስት ላይ እዚህ ቅርባችን ተልሳ ከተማ እንደምትመጡ ሰማን። እማዬ ቆብ ገዛች። «ቀድመን እንጻፍለት» ስላት «ሳያስበው ሲያየኝ ደስ ይለዋል» አለች። በጠዋት ባቡር ሄድን።

የዳንስ አዳራሹ በር ላይ የቆመው ሰውዬ ያገሬውን ሕዝብ ሁሉ የሚያዝ የሚመስል ነበር። እማዬ «የባንዱ መሪ እናት ነኝ» አለችው። ሳቀ። «እማማ፣ እሱ እኮ እናት የለውም። ኒው ኦርሊንስ ተቀብራለች። መጽሔት አያነቡም እንዴ?» አላት። ከኋላችን አንዱ «ዳንስ አምሯት ከመቃብር ተነሥታ ነዋ!» ሲል ሰልፉ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ልመልስለት አፌን ስከፍት እማዬ እንደ ልጅነታችን ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ከዚያ «ሁለት ቲኬት» አለችው።

ፊት ለፊትህ ነበርን። መብራቱ ዓይኔን ወጋኝ እንዳትለኝ! ከሰዓት በኋላ ነበር፣ አዳራሹም ዙሪያውን ክፍት ነው። ቀድሞ ያየን ክሌይበርን ነበር። ፊቱ በራ፤ ትሮምቦኑን እንደያዘ ከወንበሩ ተነሣ። አንተም እሱ ወደሚያይበት ዞርክ። አየሃት። ዓይን ለዓይን ተያያችሁ። ከዚያ ማንን አየህ? ሚስተር ፕሬንቲስን! ማናጀርህ ፎቶ አንሺ ይዞ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። እጅህን ዝቅ አድርገህ ክሌይበርንን ተቀመጥ አልከው።

እዚህ ላይ ብታቆም ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ማይክሮፎኑን ይዘህ «ይህ ዘፈን በኒው ኦርሊንስ አፈር ላረፈችው እናቴ ይሁንልኝ» አልክ። በየከተማው የምትለው እንደሆነ በኋላ ሰምቻለሁ። ይሁን። ግን እኮ እዚያው ቆማ ነበር! ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አጠገቤ ያለችው ልጅ እንባዋን ጠረገች። እማዬ ጓንቷን አስተካክላ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ሲያልቅም ከሰው ጋር አጨበጨበች። ለገዛ ሙት ዓመቷ አጨበጨበች!

ስንወጣ ክሌይበርን እየሮጠ ደረሰብን። «ማዘር፣ አይሂዱ! ይመጣል፣ ነግሬዋለሁ፣ አውቶቡሱ ጋ ይጠብቁት» አላት። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። ሳጥን ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ዕቃው ተጫነ፣ የባንዱ ልጆች አንድ በአንድ ወጡ፤ ዓይናችንን ሽሽት መሬት መሬት እያዩ ያልፋሉ። አንተ በሌላ በር ወጥተህ በፕሬንቲስ መኪና ሄደሃል ለካ። ይህን ሊነግረን የመጣው ክሌይበርን ነው፤ ነግሮን ሳይጨርስ አለቀሰ። ያጽናናችው እሷ ናት። ባቡር ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፤ «ከስቷል» አለች።

እኔን ያቃጠለኝ ግን የኋለኛው ነው። ሚስተር ታድሎክ የሚባል ከአርካንሳስ አዲስ የመጣ የጋዜጣ አዘጋጅ አለ። ወሬውን ከሰፈር ሰው ለቃቅሞ ቤታችን መጣ። ትሑት ሰው ነው፤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ «እማማ፣ እውነቱን ከአንደበትዎ ልስማ ብዬ ነው። የሱ እናት እርስዎ ነዎት?» አላት። ወጥ ቤት ሆኜ እሰማ ነበር። እሷ ደግሞ ሰውየው በር ሲያንኳኳ ፎቶህን ከፒያኖው ላይ አንስታ መሳቢያ ውስጥ ከትታለች። «የለም ልጄ፣ ተሳስተው ነው። የሱ እናት ሞታለች» አለችው።

ሰውየው ሲወጣ ጮህኩባት፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ምነው? ምነው እማዬ?» አልኳት። «አንዴ ተናግሯል። አሁን እኔ እውነቱን ብናገር ልጄ ውሸታም ሊባል አይደል?» አለችኝ። ገባህ? አንተ አንዴ ገደልካት፤ እሷ ደግሞ ላንተ ስትል በገዛ አፏ ደገመችው።

ከዚያ ወዲህ ፀጉር አትተኩስም። ደረጃ መውጣት ስላቃታት አልጋዋን ሳሎን አውርደነዋል። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች በተራ እየመጡ አብረውኝ ያድራሉ። ሐኪሙ መድኃኒት ማዘዝ ትቶ «ያማራትን አብሏት» ብሎኛል፤ ያማራት ነገር ግን ከወጥ ቤት የሚወጣ አይደለም። መኪና ባለፈ ቁጥር «ማነው?» ትለኛለች። «መንገደኛ ነው» እላታለሁ።

ትናንት ሚስተር ታድሎክን ገበያ መንገድ ላይ አገኘሁት። ያንን ነገር አላነሳብኝም። «ለጋዜጣው የሐዘን ማስታወቂያ የልጆቿን ስም የምትሰጪኝ አንቺ ነሽ መሰለኝ። አልቸኩልም፣ እግዜር ያዘግየው» ብሎኝ አለፈ። እኔ እንደ እማዬ አይደለሁም፤ መዋሸት አልችልበትም። ግን አንድ ስም እንደምሰጠው ወይም ሁለት፣ እስካሁን አልወሰንኩም።

ከካንሳስ ሲቲ የሚመጣው ባቡር ዛሬም በየቀኑ እዚህ ይቆማል። በሩ አይቆለፍም። ተነሥተህ ከሆነ እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ፤ ካልተነሣህም ልብህን ያቅናልህ።

ለሰው ባትነግርም፣
ታላቅ እህትህ