“ቅናሽ የለም” ከጻፉት ሁለቱ አንዱ፦ አቶ ምንይሉ ኃይለየሱስ (1953–2017 ዓ.ም.)

አቶ ምንይሉ በየካቲት ወር 1953 ዓ.ም. በአዲስ ከተማ፣ ከአውቶቡስ ተራ ጀርባ ባለው ሰፈር፣ ከአባታችን ከአቶ ኃይለየሱስ ወልዴና ከእናታችን ከወይዘሮ አበራሽ ሙራ ተወለዱ። ይህን የጻፍኩት ታናሽ እህታቸው ማዕረግ ነኝ። እንደ ልማዱ ቢሆን የሚያነበው የእድሩ ጸሐፊ ነበር፤ ዛሬ የማነበው እኔው ራሴ ነኝ። ምክንያቱን ስደርስበት ትሰሙታላችሁ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው ሰፈራችን ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምረዋል። በድርሰት አንደኛ፣ በሒሳብ መጨረሻ ነበሩ፤ ለነጋዴ ልጅ ይኼ የቤት ውርደት ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ለቅሶ ቤት ሄደው ሲመለሱ ኪሳቸው በንፍሮ የተሞላ ነበር። እናታችን ልብስ ባጠቡ ቁጥር ኪሱን እየገለበጡ ይራገሙ ነበር። ይህን የማነሳው አስከሬናቸውን ላዋርድ አይደለም፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚሁ ንፍሮ ስለሆነ ነው።

በ1974 ዓ.ም. የአባታችንን የመኪና መለዋወጫ ሱቅ በሶማሌ ተራ ተረከቡ። በ1981 ዓ.ም. ከወይዘሮ ዘነቡ ሽኩር ጋር ተጋብተው ሔርሜላንና ማሙሸትን ወልደዋል። ከሱቃቸው ጎን ሸራና ገመድ የሚሸጡት አቶ ኑሪ ከድር ነበሩ። ሁለቱ ገበያ ሲቀዘቅዝ ካርቶን ላይ ተቀምጠው ሲቀላለዱ ኖረው ኖረው፣ በ2009 ዓ.ም. ቀልዳቸውን ልብ ወለድ አድርገው አሳተሙት። ርዕሱ “ቅናሽ የለም” ይባላል። ሁለት ጎረቤት ነጋዴዎች ሲናቆሩ የሚውሉበት፣ አንብበው ስቀው የሚተኙበት መጽሐፍ ነው።

ሲጽፉ ሕግ ነበራቸው። አቶ ኑሪ ወንድሜን ይጽፏቸዋል፤ ወንድሜ ደግሞ አቶ ኑሪን። ከዚያ ጮክ ተብሎ ይነበባል። የተቀለደበት ሰው ካልሳቀ ገጹ ይቀደዳል። እንግዲህ በመጽሐፉ ውስጥ ለቅሶ ቤት ከሐዘንተኛው በላይ ጮኾ አልቅሶ፣ ሲወጣ ኪሱን በንፍሮ የሚሞላው ጋሽ ይገረም ማለት ወንድሜ ናቸው። የጻፏቸውም አቶ ኑሪ ናቸው። ወንድሜ ያንን ገጽ ሲሰሙ ከካርቶኑ ላይ እስኪወድቁ ስቀዋል።

ታዲያ ምን ሆነ? ተራው በሙሉ “ጋሽ ይገረም እኔን ነው” ብሎ ተነሳ! ጉድ እኮ ነው! ማንም ስሙን ሳይጠራው! የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ደመቀ ሽማግሌ ላኩ። ወንድሜም “ሰውዬው እኔው ራሴ ነኝ” አሉ። ማን ይመናቸው! የኮታቸውን ኪስ ገለበጡላቸው፤ የሰሞኑ ለቅሶ ንፍሮ ጠረጴዛው ላይ ተበተነ። ጭራሽ ፊት ለፊታችን ቀለደብን ተባለ። መርካቶ ውስጥ በሰው የሚስቅ ሞልቷል፤ በራሱ የሚስቅ ግን አይተው አያውቁማ። አቶ ኑሪ ቀርበው የጻፍኩት እኔ ነኝ ቢሉ፣ ለባልንጀራህ መሸፈንህ ነው፣ እጄ የለበትም በልና ነፃ ውጣ አሏቸው። አሻፈረኝ አሉ። ወንድሜ መጽሐፉን ከገበያ ሰብስበው ይቅርታ እስኪጠይቁ ድረስ ከእድሩ ታገዱ። አቶ ኑሪ በገዛ ፈቃዳቸው ወጡ።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት ወይዘሮ ዘነቡ አረፉ። የእናንተ ሰው በሞተ ቁጥር ጓዳችሁ ገብተው ወጥ ሲሠሩ የኖሩት ዘነቡ። የእድሩ ድንኳን አልመጣም። ወንበር አልመጣም። ሰው ማዶ ማዶውን እያየ አለፈ። አቶ ኑሪ ከሱቃቸው ሰማያዊ ሸራ አውጥተው ከልጃቸው ከኢርፋን ጋር ደጃፋችን ላይ ወጠሩ፤ ሸራው ላይ የተጠራቀመውን ዝናብ በእንጨት እየገፉ እስከ ሣልስት ከዚያ ደጅ አልተነቃነቁም። አንጀቴ እርር እንዳለ አለሁ።

ወንድሜ አልተቀየሟችሁም። የተቀየምኩት እኔ ነኝ። እሳቸውማ የአንዳችሁም ሰው ቀብር አልቀረባቸውም፤ ከኋላ ቆመው ሸኝተው፣ ድንኳን ሳይገቡ ይመለሱ ነበር።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ከተራው መጥቶ የጠየቃቸው በጣት ይቆጠራል። አቶ ኑሪ ከአልጋው አጠገብ ሆነው የሁለተኛውን መጽሐፍ ገጾች ያነቡላቸው ነበር። በመጨረሻው ሰሞን መሳቅ ሲያቅታቸው፣ ገጹ እንዳይቀደድ ጣታቸውን ያነሡ ነበር። ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ዐረፉ።

ትናንት ጋሽ ደመቀ ድንኳን አስጭነው መጡ። እገዳው ተነሥቷል አሉኝ። ሰው ከሞተ በኋላ! ነገር ግን መጽሐፉ ከሕይወት ታሪኩ ይውጣ፣ ቧልት ለቀብር አይሆንም፤ አቶ ኑሪም ከቤተሰብ ጋር አይጠሩ አሉ። ጋሽ ደመቀ፣ እርስዎን አከብራለሁ፤ ዕድሜዎን ማለቴ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ዛሬ ሞኟም ወረቀቱም ፊትዎ ቆመናል። ድንኳኑን የመለስኩትም፣ ንባቡን ለጸሐፊው ያልሰጠሁትም ለዚህ ነው።

አቶ ምንይሉ ልጆቻቸውን ሔርሜላንና ማሙሸትን፣ እኔን እህታቸውንና ወንድማቸውን አቶ ኑሪ ከድርን ትተው ሄደዋል። ወንድማቸውን ብያለሁ። ይሰረዝ የሚል ካለ እዚህ ሳጥኑ ፊት መጥቶ ይሰርዝ።

ከቀብር መልስ ደጃፋችን ላይ የምታገኙት ያንኑ ሰማያዊ ሸራ ነው። ጠባብ ነው፤ ተጠጋግታችሁ ተቀመጡ። ንፍሮ ተዘጋጅቷል፤ በኪስ መያዝም ይፈቀዳል። ስትፈልጉት የነበረው ጋሽ ይገረም ደግሞ ይኸው፣ ፊታችሁ ተኝቷል። አሁንስ አመናችሁ?

ወንድሜ ሆይ፣ የፈጠረህ ጌታ ነፍስህን ኮሚቴ በማይነቅለው ድንኳን ውስጥ ያሳርፍልን። አሜን።