የፑንታ ቬርዴ ቅጠሎች

ኦክቶበር 4
ዓሣ አጽድቼ፣ ልብስ አጥቤ፣ ከሰዓት ሠዓሊዋ ዶኛ ኤልሚራ ቤት ሄድኩ። ሥዕል ልማር። በሃምሳ ሦስት ዓመቴ... ምን ነካኝ?

የነካኝማ የአባዬ ነገር ነው። ማናጓ ያለው ሐኪም ዓይኑን አይቶ፣ "እስከ ገና ቢያይ ነው" ብሏል። አባዬ ደግሞ ተወልዶ ያደገበትን የፑንታ ቬርዴን ጫካ አንዴ ማየት አማረው። ከደሴታችን ሐይቁን አቋርጦ እንዳይሄድ ጉልበቱ እምቢ አለ። እንግዲህ ጫካውን እኔ በሥዕል ላምጣለት እንጂ።

ኦክቶበር 5
የዶኛ ኤልሚራ ሕግ አንድ ነው፤ ቅጠል አንድ በአንድ ይሣላል። እኔ ጨርቅ ቀለም ነክሬ ጠቅ ጠቅ አድርጌ ዛፉን በአንዴ ጨረስኩት። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

"ኢልዳ፣ ይሄ ዛፍ ነው ወይስ የተደፋ ጎመን?"

"ጫካ ከሩቅ እኮ እንዲህ ነው የሚታየው..."

"እዚህ ደሴት ላይ ጫካን ከሩቅ የሚያይ የለም። ፋቂው።"

ፋቅኩት። እጄ ቸኩሎ አስቸገረኝ።

ኦክቶበር 19
ሁለት መቶ አሥራ አንድ ቅጠል። ወይ አንገቴ። ከዳር የአባዬን የድሮ ጀልባ ጨመርኩ።

ኖቬምበር 8
አረንጓዴው ቀለም አለቀ። ከተማ የሚሄደው ጀልባ የሚመጣው ለሳምንት ነው። ልጠብቅ? አባዬ ዛሬ የሙዝ ጥብሱን ከሳህኑ ውጭ ሲዳብስ ነበር... አልጠብቅም። ነጭ ቀላቅዬ አበዛሁት። ጉዋሩሞ የምንለው ዛፍ ቅጠሉ በሙሉ ነጣ። ማን ያውቅብኛል?

ኖቬምበር 20
ዝናቡ አላቆም፣ ቀለሙም አልደርቅ አለ። ሥዕሉን ዓሣ በጭስ ከምናደርቅበት ምድጃ በላይ ሰቀልኩት።

ኖቬምበር 21
ጉድ ሆንኩ። የሥዕሉ ሰማይ በጭስ ጠቁሯል።

ዶኛ ኤልሚራ እስኪያስላቸው ሳቁ። "በሎሚ ነው የሚበላው?" አሉኝ። ከዚያ ቁጭ ብለው ቅጠሎቹን ቀስ እያሉ ጠረጉልኝ። ሰማዩ ግን ጥላሸቱን ጠጥቶ ቀረ። እንደገና ብጀምር ገና ይቀድመኛል። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ዲሴምበር 2
ለአባዬ እንዳለ ወሰድኩለት። ምን ምርጫ አለኝ?

በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሥዕሉን ጭኑ ላይ አደረገ። አፍንጫው ሸራውን ሊነካ ምንም አልቀረው። በቀኝ ዓይኑ፣ በጎን በኩል ነው የሚያየው። ቅጠል በቅጠል ሄደ። ምሳ ቀረበ ስለው አልሰማኝም። እኔ ጥፍሬን ስበላ...

"ማነው ጀልባዬን እንዲህ ፈትቶ የተወው?" አለ በመጨረሻ።

"ምን ሆነ?"

"ምን ሆነ ትላለች! ሰማዩ ጠቁሯል። ጉዋሩሞው ቅጠሉን ገልብጦ ነጭ ጀርባውን አሳይቷል። እንዲህ ሲሆን ማዕበሉ ለመምጣት ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። የጀልበኛ ልጅ ሆነሽ!"

ሰማዩ ጭስ ነው፣ ነጩም አረንጓዴ አልቆብኝ ነው... አላልኩም። አየ እኮ። ነጩን ከአረንጓዴው ለየ፣ ገመድ አለመኖሩን እንኳ አየ። ስሰደብ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

"እሺ አባዬ፣ አስረዋለሁ።"

"ጠበቅ አድርጊው።"

ከሰዓት ገመዱን ሣልኩ። ክር በክር፣ ሳልቸኩል። አባዬ አጠገቤ ተቀምጦ፣ "ቋጠሮው ላልቷል" እያለ ሁለት ጊዜ አስፈታኝ።